ቆራሌው ሲያልፍ ውሻችን ምን ይማራል?

(በየካ አባዶ አካባቢ ለአንድ እድር አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ የእድሩ አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። የእድሩ ሊቀ መንበር ደውለው ሲጋብዙኝ ሦስት ዓይነት ቅሬታ አነሡልኝ። አንደኛው ወገን በውሻ ጩኸት እንቅልፍ አጣሁ ይላል። ሁለተኛው ልጄ ተነከሰብኝ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ውሻዬን መርዝ ያበላብኝ ጎረቤቴ ነው ብሎ ሽማግሌ ያስቀምጣል። እኔም የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ስዘዋወር የምሰማው ከዚህ የተለየ አይደለም። የከብቱ ሥራ ከዓመት ዓመት ሲቀንስብኝ የውሻው አቤቱታ እየበዛ ሄዷል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከተማው እየሰፋ እርሻው ውስጥ ገብቷል። ሲሚንቶና ብረት የሚጠብቅ ዘበኛ ሁሉ አንድ ሁለት ውሻ ይይዛል፤ ግንባታው ሲያልቅ ዘበኛው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ውሾቹ እዚያው ይቀራሉ። ከመሀል ከተማ ተነሥተው የመጡ ቤተሰቦች በግቢ ያሳደጉትን ውሻ ይዘው አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተዋል። ሲመሽ ደግሞ ጅብ ከተራራው ይወርዳል። ይህ ሁሉ እያለ ውሻው ዝም ቢል ነበር የሚገርመኝ።

ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። በየግቢው "ክፉ ነው"፣ "ኃይለኛ ነው" የሚባለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ውሻ ነው። ፍርሃቱን ያሳደርንበትም፣ መናከስ እንደሚያዋጣው ያስተማርነውም እኛው ነን፤ ሳናውቀው፣ በየዕለቱ፣ በራሳችን በር ላይ።

ቆራሌውን እንውሰድ። ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ "ቆራሌው!" እያለ ይመጣል። ውሻው በላሜራው በር ሥር አፍንጫውን አሹልኮ ይጮኻል። ድምፁ ሲቀርብ ውሻው ይብስበታል፤ ከዚያ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ቆራሌው መንገደኛ ነው፣ ውሻው ባይጮኽም ማለፉ አይቀርም ነበር። ውሻው ግን ይህን በምን ያውቃል? በእሱ ሂሳብ የሚያስፈራ ሰው መጣ፣ ጮኸበት፣ ሄደለት። በማግሥቱ "ልዋጭ" ባዩ ይመጣል፤ ይጮኻል፤ ይሄዳል። ከዚያ ቆጣሪ አንባቢው። ዓመት ሲሞላው ይህ ውሻ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ድል አድርጓል። አንድ ቀን በሩ ሳይዘጋ ይቀርና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ በፊቱ ሮጦ ያልፋል። ውሻው ያን ቀን አላበደም፣ ክፉ መንፈስም አልገባበትም፤ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደውን ሠራ።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ ሲመለከት የደረሰበት እውነት ይኸው ነው፦ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደጋገማል። ለውሻ ጥሩ ውጤት ሲባል ደግሞ ሥጋ ብቻ እንዳይመስለን። የሚፈራው ነገር ከፊቱ ዘወር ሲልለት ከአንድ ጎድን አጥንት ይበልጥበታል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁን ቅር የሚያሰኝ ነገር ልናገር ነው። በየሰፈሩ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሲብስም ብርሃን በማይገባበት ሳጥን ይዘጋል፤ ማታ ይፈታል። ጥሬ ሥጋ ብቻ ይብላ፣ ሚጥሚጣ ይቅመስ የሚሉም አሉ። ሚጥሚጣው ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ በላይ የሚጨምርለት ነገር የለም። ጥሬ ሥጋም ቁጣ አያመጣም። ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን ከውሻው አልፎ ለቤተሰቡ የሚተርፍ የትል በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ቀቅላችሁ ስጡ።

ሰንሰለቱ ይሠራል፤ አልክድም። የሚሠራውን ግን እንመልከት። አብዛኛው እንስሳ ሲፈራ አስቀድሞ የሚመርጠው መሸሽን ነው። በሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ መሸሻ የለም፤ የቀረው ጥርስ ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት አለ። በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የመታሰር ነገር በነካሾቹ ዘንድ 2.8 እጥፍ ያህል አይሎ ታይቷል። ያልተኮላሹ ወንዶችም ከነካሾቹ መካከል በዝተው ተገኝተዋል። ዴንቨር አባዶ አይደለችም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሰንሰለቱ ግን ያው ሰንሰለት ነው።

"ታዲያ ሌባውን ማን ይጠብቅልን?" ትሉኛላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌባ የሚሸሸው ከጩኸት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ለመጮኽ መራብ፣ መታሰር፣ መገረፍ አያስፈልገውም። ሰው የለመደ፣ የቤቱን ሰው ከባዕድ የሚለይ ውሻ በሌሊት አጥር የሚዘልለውን ከማንም ቀድሞ ያሳውቃል። ሁሉን የሚፈራው ውሻ ግን በነፋሱም፣ በድመቱም፣ በታክሲውም ላይ ስለሚጮኽ ባለቤቱ ይሰለቻል፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። ሌባውም የሚገባው ያኔ ነው።

ሌላው ልማዳችን ዱላ ነው። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ጠባዩ ያስቸገራቸውን ውሻ ይዘው የመጡ ሰዎችን "ከዚህ በፊት ምን አደረጋችሁለት?" ብለው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት መካከል 43 በመቶ የሚሆኑት ውሻው መልሶ እንደተቆጣባቸው ተናግረዋል። በጀርባው አንጋለው በግድ ከያዙት 31 በመቶ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ካፈጠጡበት 30 በመቶ ተመሳሳይ ምላሽ ገጥሟቸዋል። ፈሪን መምታት ፍርሃቱ ትክክል እንደነበር ማረጋገጥ ነው።

ከዱላ ሁሉ የከፋው ደግሞ ውሻው ሲያጉረመርም የሚያርፍበት ነው። ማጉረምረም የውሻ "ተው" ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው ቃሉ አይደለም። ትንሽ ልጅ አንገቱን አቅፎ ሲይዘው ውሻው መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ የዓይኑ ነጭ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያየለት ሲጠፋ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ጥርሱን ያሳያል፤ በመጨረሻ ይነክሳል። ማጉረምረሙን በዱላ ያስተውነው ውሻ ፍርሃቱ ከውስጡ አልወጣም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ቀጥሎ "ምንም ሳይል ነከሰ" ተብሎ ይወራል። ስለዚህ የሚያጉረመርም ውሻ ካላችሁ አመስግኑት፣ ልጁን ከአጠገቡ አንሡ፣ ምን እንዳስፈራው ፈልጉ።

ለልጆቻችሁም ጭራን አስተምሯቸው። ላላ ብሎ ከወገቡ ጭምር የሚወዛወዝ ጭራ አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ በአጭር በአጭሩ የሚርገበገብ ጭራ ሌላ ነገር ነው። "ጭራውን እየቆላ ነከሰኝ" የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል፤ ያየው ሁለተኛውን ነው። የሚበላ፣ የተኛ ወይም ቡችሎቿን የታቀፈች ውሻ አይነካም። ይህን ያህል ብቻ ቢያውቁ ብዙ ንክሻ ይቀር ነበር።

"ውሻው የበላይ ሊሆንብኝ ፈልጎ ነው፤ ማን አለቃ እንደሆነ ላሳየው ይገባል" የሚል አስተሳሰብም ከውጭ በቪዲዮ እየገባ ነው። መነሻው ተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 በአጥር ውስጥ ስለታጎሩ ተኩላዎች የጻፈው ጥናት አለቃና ምንዝር፣ የማያቋርጥ የሥልጣን ፉክክር አሳየ። በኋላ አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በዱር የሚኖሩትን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው የተኩላ መንጋ ባብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፤ "አለቃ" የተባሉት ወላጆቹ ሆነው ተገኙ። ሩቅ ሳንሄድ የተኩላ ዘመድ የሆነው የራሳችን ቀይ ቀበሮም በባሌ ተራሮች የሚኖረው በቤተሰብ ነው። ይህን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ያንን ብርቅ እንስሳ በባሌ ደጋግሞ የፈጀው ከእረኞች ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ ከአጥራችን አልፎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። የውሻ ጠባይ በድንገት ከተለወጠ ከሁሉ በፊት ሕመም ጠርጥሩ። እዚሁ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት አብሯቸው የኖረ ውሻ ልጃቸውን ነከሰ ብለው እንዲገደል ይዘውት መጡ። ጆሮውን ስገልጠው ውስጡ ቆስሎ መግል ቋጥሯል። ልጁ ሲያጫውተው የሳበው ያንኑ ጆሮ ነበር። ጆሮው ታከመ፤ ልጁም ጆሮ መሳብ ተወ። ያረጀ ውሻ ዳሌው ይታመማል፣ ጥርሱ ይበሰብሳል፣ ዓይኑ ይደክማል፤ ድንገት ሲነኩት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከሕመም ሁሉ ግን አንዱ የተለየ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚጀምረው በጠባይ ለውጥ ነው። ሰው ወዳዱ ይነጫነጫል፣ ይደበቃል፤ ሰው የማያስቀርበው ደግሞ ሰው ላይ ይለጠፋል። ድምፁ ይጎረናል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። በዚህ ጊዜ "አጥንት ተቀርቅሮበት ነው" ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ቫይረሱ ያለው በምራቁ ውስጥ ነው።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይበቃል ያሰኛል፤ አይበቃም። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እየሄዱ የሚያጠፉት ጊዜ ነፍስ ያስከፍላል፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና። ክትባቱ ግን በጊዜው ከተሰጠ ያድናል፤ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተበበት ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። በድሮ ጊዜ በሆድ ላይ ይወጋ የነበረው መርፌ ያስፈራቸው አባቶች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ። የዛሬው ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው። የነከሰውን ውሻ ደግሞ በንዴት ገድላችሁ አትቅበሩት። ከተቻለ ተዘግቶ ለ10 ቀን ይታይ፤ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ ያስተላልፍ የነበረ ከሆነ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

ሕመም የለም፣ ክትባቱም ተሟልቷል እንበል። ቆራሌው ላይ የሚጮኸውን ውሻ እንዴት እንመልሰው?

አስቀድሞ ልምምዱ ይቁም። በየቀኑ ድል እያደረገ ያለን ውሻ በሳምንት ሁለት ቀን ማስተማር በተቀደደ ከረጢት ጤፍ መስፈር ነው። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ድፈኑ፤ መንገዱ የሚታይበትን የአጥር ቀዳዳ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ሸፍኑ። መንገደኛ በሚበዛበት ሰዓት ውሻው በጓሮ በኩል ይዋል። ሰንሰለቱን አውጡና ከግቢው ጥግ ጥላ ያለው ቦታ አጥራችሁ ልቀቁት። ይህ ብቻ፣ ያለ ምንም ትምህርት፣ ጩኸቱን በብዙ ሲቀንሰው ታያላችሁ።

ትምህርቱ ከዚያ ይመጣል። ሩሲያዊውን ተመራማሪ ኢቫን ፓቭሎቭን ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት አውቃችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነበር፤ ስሙን ይበልጥ ያስጠራው ግን ምግብ ሊሰጣቸው ሲል ድምፅ ያሰማቸው የነበሩት ውሾች ድምፁን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው መውረዱ ነው። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ "ቆራሌው!" የሚለው ጥሪ የፍርሃት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የሥጋ ምልክት እንዲሆን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቆራሌ ለግማሽ ሰዓት ድካሙ ከፍላችሁ ተስማሙ። ውሻው ድምፁን ሰምቶ ጆሮውን ቀና የሚያደርግበት፣ ግን የማይጮኽበት ርቀት ላይ ይቁም። ርቀቱ ለአንዱ ውሻ 30 ሜትር ነው፣ ለሌላው እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ነው። አንድ ጊዜ ይጥራ። ጥሪው እንደተሰማ የሽንብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ ስጡት። ጥሪው ሲቆም ሥጋውም ይቁም። እንደገና ጥሪ፣ እንደገና ሥጋ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ማለትም ሥጋው ቀድሞ ከመጣ፣ ውሻው ሥጋውን መጠርጠር ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ሞክሬ አልሆነልኝም የሚለው እዚህ ላይ ስቶ ነው። ሥጋውን እንቢ ካለ ወይም ጣታችሁን ጭምር ሊዘነጥል ከደረሰ ቆራሌው በጣም ቀርቧል፤ አርቁት። በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። ርቀቱን የምታሳጥሩት ውሻው ጥሪውን ሰምቶ ወደ በሩ በመሮጥ ፈንታ ዞር ብሎ ፊታችሁን ማየት ሲጀምር ነው። ያን ቀን ውሻው "ሥጋዬስ?" እያለ ነው። እዚያ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ ወራት።

"ሲጮኽ ሥጋ መስጠት ጩኸቱን መሸለም አይሆንም ወይ?" ተብዬ ስለምጠየቅ አስቀድሜ ልመልስ። ርቀቱን በትክክል ከመረጣችሁ አይጮኽም። ተሳስታችሁ ቢጮኽም ፍርሃት በሥጋ አይባባስም፤ ርቀቱን ጨምራችሁ ቀጥሉ። ሥጋ ተወደደ ለምትሉኝ ደግሞ ሳንባ ቀቅሉ። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋም አስቀድማችሁ ቀቅላችሁ በፍሪጅ አስቀምጡ፤ እናንተ ብትጾሙም ውሻው አይጾምም።

በዚሁ መንገድ የቡሄ ፍርሃትም ይታከማል። ነሐሴ 13 ሲደርስ ጅራፉ ይጮኻል፣ ጨፋሪ ልጆች በሩ ላይ መሬቱን በዱላ ይደበድባሉ። ለውሻ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ሳይረሳው የዘመን መለወጫው ርችት ይከተላል። አጥር ዘሎ የጠፋ ውሻ የሚፈለግብኝ ወቅት ይህ ነው። ከሰኔ ጀምራችሁ የጅራፍ ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ከምግቡ ጋር አሰሙት፤ በየጥቂት ቀኑ በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጉት። በዕለቱ ግን ዕቃ ቤትም ቢሆን አስገብታችሁ መስኮቱን ጋርዳችሁ ሬዲዮ ክፈቱለት። ውሻ መኖሪያ ቤት ይግባ እያልሁ አይደለም፤ ብዙዎቻችን በሃይማኖትም በልማድም እንደማናስገባ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ምሽት መጠለያ አይከልከል። ሲንቀጠቀጥ ማባበልም ፍርሃቱን አያብስበትም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ችግራችሁ ሌላ ነው። እናንተ ሥራ ስትሄዱ ውሻው ቀኑን ሙሉ ያላዝናል፣ በሩን ይቧጭራል፣ መሬቱን ያበላሻል፤ እናንተ አትሰሙም፣ ጎረቤት ይሰማል። ስልካችሁን እየቀዳ ትታችሁ ውጡና ተመልከቱ፤ ጩኸቱ እንደወጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከጀመረ ብቸኝነት አስፈርቶታል። መድኃኒቱ መለያየትን ከሴኮንድ ጀምሮ ማለማመድ ነው፤ ቁልፍ አንሥቶ አለመውጣት፣ ወጥቶ ውሻው ሳይጨነቅ መመለስ፣ ጥቂት በጥቂት ማስረዘም። ተመልሳችሁ የተበላሸውን አይታችሁ አትምቱት። "ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው አንገቱን የሚደፋው" ትላላችሁ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ሙከራ ያላጠፉ ውሾችም ባለቤታቸው ሲቆጣቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል። የሚያነቡት የእናንተን ቁጣ ነው።

ቡችላ ልታመጡ ላሰባችሁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት ዕድሜው እስከ 12 ወይም 14 ሳምንት ያለው ጊዜ በውሻ ዕድሜ ውስጥ ዳግም አይገኝም። በአሜሪካ ባር ሃርበር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ሙከራ በአጥር ውስጥ ከሰው ርቀው ያደጉ ቡችሎች እስከ 14 ሳምንት ሰው ካልቀረባቸው እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀርተዋል። እኛ ምን እናደርጋለን? ገና ጡት ያልጣለውን ቡችላ ከመንገድ ዳር በካርቶን ገዝተን "ሰው እንዳይለምድ" ብለን ጓሮ እንዘጋበታለን። እስከ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ። ከዚያ ክትባቱን እያስከተባችሁ፣ ገና መሬት ላይ የማትለቁት ከሆነ በቅርጫትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ። ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ነጠላ የለበሱ እናት፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ቆራሌው ራሱ፤ ሁሉንም ከሩቅ እያየ ይብላ። በሁለት ወር የምትሠሩት ይህ ሥራ በኋላ የእኔን ሁለት ዓመት ይተካል።

ስለ መድኃኒት አጭር ልበል። ለከባድ ጭንቀት የሚሰጡ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሥራቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያለ ትምህርቱም ብዙ አይፈይዱም። ከፋርማሲ ቫሊየም ገዝታችሁ ግን አትስጡ፤ ፈርቶ ራሱን ይገታ የነበረውን ውሻ አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ደፋር ነካሽ ያደርገዋል። ማኮላሸት መዞርንና ሴት ፍለጋ መጥፋትን ይቀንሳል፤ ከፍርሃት የመጣ ንክሻን ይፈውሳል ብሎ ተስፋ የሚሰጣችሁ ካለ ግን አትመኑት።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጥቀስ። አንድ አባት "ሌሊት ሁሉም ውሾች በአንድ ጊዜ የሚጮኹት ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጅብ ነው፤ የቄራና የቆሻሻ ሽታ ተከትሎ ይመጣል፤ አንዱ ውሻ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ስትፈልግ ደግሞ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በበሯ ያድራል። ለጅቡ የምታደርጉት ቆሻሻውን በመክደኛ መያዝ፣ የበግና የዶሮ ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ አለመጣል ነው። ለሴቷ የምታደርጉት ማምከን ነው፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ቡችላ ማን ይወስድልኝ እያላችሁ ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ከኋላ ተነሥተው "ዶክተር፣ የእኛ ውሻ የጎረቤት ልጅ ነክሶ ስፌት አስፈልጎታል። ይማራል ወይስ ይገደል?" አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ነክሶ የማያውቅ ውሻ ያላቸው ሁሉ ይኼኔ መልሱን የያዙት ይመስላቸዋል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ንክሻው ምን ያህል ገባ? አንድ ጊዜ ነክሶ ለቀቀ ወይስ ይዞ ነቀነቀ? ምን እንዳስነሣው ይታወቃል? አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር? በቤቱ ትንሽ ልጅ አለ? በሩ ሁልጊዜ ይዘጋል? ለወራት ሥራውን የሚሠራ ሰውስ አለ? መነሻው ከታወቀ፣ አጥሩ ከጠነከረ፣ የሚሠራ ሰው ካለ ብዙው ውሻ ይስተካከላል። በመንገድ ሲወጣ አፉ ላይ የሚገባ መሸፈኛ ያስፈልገዋል፤ አፉን አጥብቆ የሚያስረው ሳይሆን እያለከለከ ውኃ የሚጠጣበት የቅርጫት ዓይነት። እሱንም ከሥጋ ጋር ቀስ ብሎ ማስለመድ ነው። መነሻው የማይታወቅ፣ ይዞ የሚነቀንቅ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ያለ ውሻ ከሆነ ግን በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ ቢያርፍ ይሻላል የምለው ጊዜ አለ፤ እሳቸውም ከዚህ ውጪ ሌላ መልስ እንዲጠብቁ አልፈለግሁም። ማድረግ የማይገባው ምንም ሳይነገራቸው ለግንባታ ዘበኞች መስጠት ነው። እዚያም ልጆች ያልፋሉ። እናትየው ማክሰኞ ውሻውን ይዘውት ሊመጡ ተስማምተናል፤ የክትባት ወረቀቱንም፣ የተነከሰውን ልጅ አባትም አብረው እንዲያመጡ ነግሬያቸዋለሁ።